ጥር ላይ ማን ያጠጣዋል?



ዛሬ ጁምዐ ነው። ሱረቱል ከህፍን ገና ያልቀራችሁ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡትና መጀመሪያ እሷን ቅሩ፤ ጽሑፉ የትም አይሄድም። ስትቀሩ 32ኛው አንቀጽ ላይ ስትደርሱ ግን ትንሽ ቆም በሉ። የሁለቱ አትክልት ቦታዎች ባለቤት ታሪክ የሚጀምርበት ነው። በኋላ እንመለስበታለን ኢንሻአላህ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በዚህ ሳምንት ከሪያድ የደረሰኝ የድምፅ መልእክት ነው። የላከችው ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን ናት። ባለፈው ክረምት ከደመወዟ ቆጥባ ወሎ ላሉት እናቷ ብር ልካ፣ በአባቷ መሬት ላይ 50 ችግኝ አስተክላለች። ማንጎ አለበት፣ አቮካዶ አለበት፣ ጥቂት ዋንዛም አለበት። ኒያዋ ለሟች አባቷ ሰደቀቱል ጃሪያ እንዲሆንላቸው ነው። የተተከለ ዕለት ወንድሟ ፎቶ ልኮላት ደስ ብሏት አልቅሳለች። ሰሞኑን ደውላ ስትጠይቅ ግን የሰማችው ሌላ ነው። አንዳንዱ ደርቋል፣ አንዳንዱን ፍየል በልቶታል፣ ስንቱ እንደቀረ ቆጥሮ የሚያውቅም የለም። «ኡስታዝ፣ አጅሩ ለአባቴ ደርሷቸዋል ወይስ ብሬ ብቻ ነው የባከነው? አሁንስ ከዚህ ሆኜ ምን ማድረግ እችላለሁ?» ትላለች።

መልሷን ወዲያው መስጠት አልቻልኩም። ምክንያቱም እኔም ያው ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት አገር ቤት በገባሁ ጊዜ ከችግኝ ጣቢያ 40 ችግኝ አምጥቼ በቤተሰባችን ጓሮና ከጓሮው በላይ ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ ተከልኩ። ጊዜው ነሐሴ አጋምሶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል ብለን ከጎረቤት ልጆች ጋር ተጣድፈን በአንድ ጠዋት ጨረስነው። ከዚያ ፎቶ ተነሣሁ፤ ችግኙን ይዤ፣ እጄ ጭቃ ሆኖ። ከፎቶው ሥር ስለ ዛፍ መትከል የሚናገር ሐዲስ ጽፌ ለቀቅኩት። ብዙ «ማሻአላህ» አገኘሁበት። መስከረም ላይ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ጥር ላይ ለእረፍት ስመጣ ከ40ው በሕይወት የነበሩት 3 ናቸው። ሦስቱም አያቴ ዉዱእ የሚያደርጉበት ድንጋይ አጠገብ የነበሩት ናቸው። ስለ ሌሎቹ ስጠይቃቸው ምንም አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እኔ እግሬ እስከዚህ ድረስ ነው የሚደርሰው» አሉኝ።

ከደረቁት አንዱን ስነቅለው ጥቁሩ ፕላስቲክ እንዳለ አብሮ ወጣ። ሌላውንም ነቀልኩ፤ እሱም እንዲሁ። በጥድፊያ ላይ ስለነበርን ፕላስቲኩን የቀደደው የለም። ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ውስጥ እንደ ጥምጥም ተጠምጥሞ ሞቷል። እንግዲህ የሐዲሱን ጽሑፍ ከሥሩ ያኖርኩበት ፎቶ የዚህ ፎቶ ነበር።

እኔ ብቻ አይደለሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህም ክረምት በመጣ ቁጥር ስልካችን በችግኝ ፎቶ ይሞላል። መትከሉ መልካም ነው፤ ለመንቀፍ አይደለም። ግን ጥር ላይ ያንኑ ችግኝ ሄዶ ፎቶ የሚያነሣ ሰው አይታችኋል?

አሁን ወደ ሐዲሱ እንምጣ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። መልእክቱ፣ አንድ ሙስሊም ዛፍ ተክሎ ወይም አዝመራ ዘርቶ ከዚያ ላይ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላ ለተከለው ሰደቃ ይሆንለታል የሚል ነው። ከጃቢር (ረ.ዐ) በተላለፈውና ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ዘገባ ደግሞ የተሰረቀበት እንኳ ሰደቃ ነው። እስቲ አስቡት፣ ሌባው ሳያውቅ ሰደቃህን እየተሸከመልህ ነው የሚሄደው።

መድረሳ ነህው የቀራችሁ ልጆች አንድ ነገር አስተውሉ። በዐረብኛው ከመትከሉ ቀጥሎ «ፈየእኩሉ» የሚል ቃል ይመጣል፤ «ከዚያም የሚበላለት» እንደ ማለት ነው። መሃል ላይ ያለችው «ፈ» አንዱ ነገር ሌላውን ወዲያው እንደሚከተለው ታሳያለች። የነህው ሊቃውንት ግን «ወዲያው» ማለት እንደየነገሩ ነው ይላሉ፤ ምሳሌ ሲሰጡም «እገሌ አገባና ልጅ ተወለደለት» የሚለውን ያመጣሉ። እዚያም ያለችው ያቺው «ፈ» ናት፤ በውስጧ ግን የእርግዝናው ዘጠኝ ወር አለ። በችግኙ ሐዲስ ውስጥ ያለችው «ፈ» ደግሞ ከዘር የበቀለ ማንጎ ከሆነ አምስትና ስድስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትይዛለች። በዚህች አንዲት ፊደል ውስጥ አጥር አለ፣ ውኃ አለ፣ አረም አለ፣ ፍየል ማባረር አለ። እኔ ሐዲሱን ፎቶዬ ሥር ስጽፈው ከ«ተከለ» ወደ «ተበላለት» በአንድ እርምጃ ዘልዬ ነበር። ከደረቀ ችግኝ ደግሞ ወፍም አይበላም።

አንዳንዶቻችሁ ሌላውን ሐዲስ እንደምታነሱ አውቃለሁ። ቂያማ ሊቆም በእጃችሁ የቴምር ችግኝ ቢኖር፣ ከመቆሙ በፊት መትከል ከተቻለ ይተከል የሚለውን። ኢማም አሕመድ፣ ቡኻሪም «አል አደቡል ሙፍረድ» በተባለው ኪታባቸው ዘግበውታል። «እንግዲህ የዚያ ችግኝ ፍሬ አይበላም፣ ጥላው አይኮንበትም፤ ስለዚህ ዋናው መትከሉ ነው፣ ውጤቱ የአላህ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ራሴን ያጽናናሁበት ነበር። ነገር ግን ሐዲሱ ውስጥ ያለውን ቅድመ ሁኔታ ተመልከቱ። ከቻለ ነው የሚለው። የዚያ ሰው አቅም እዚያች ደቂቃ ላይ ያበቃል፤ ከመትከል በኋላ የሚሠራው ሥራ የለውም። የቻለውን ሁሉ አድርጓል። የእኔና የአንተ አቅም ግን የተከልን ዕለት ማታ አላበቃም። በማግስቱ ፀሐይ ወጥታለች፣ ጀሪካኑም ቤት አለ። ስለዚህ ይህ ሐዲስ ለእኛ ማምለጫ ሳይሆን በተቃራኒው ነው፤ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ በእጅህ ያለውን ሥራ አትተው እያለን ነው።

ስለ መትከል ስናወራ የሰልማኑል ፋሪሲን (ረ.ዐ) ታሪክ ሳላነሳ አላልፍም። ሰልማን እውነትን ፍለጋ ከፋርስ ወጥተው፣ ተሸጠው፣ መዲና የገቡት የሰው ባሪያ ሆነው ነው። ባርነቱም በድርና ኡሑድ ላይ እንዳይገኙ አግዷቸዋል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከጌታህ ጋር ተዋዋል አሏቸው። በውሉ መሠረት ነፃ ለመውጣት የሚከፍሉት 40 ኡቂያ ወርቅና 300 የቴምር ዛፍ ነበር። ይህን በኢማም አሕመድ ሙስነድ ውስጥ ራሳቸው ሰልማን ይተርኩታል። እኔን የገረመኝ አንድ ቃል ነው። ሰልማን ግዴታቸውን ሲገልጹ «ልተክልለት» አላሉም። የተጠቀሙት ቃል «ሕያው ላደርግለት» የሚል ትርጉም ያለው ነው። ማለትም 300 ጉድጓድ ቆፍሮ 300 ችግኝ አቁሞ መሄድ ነፃ አያወጣም። ዛፎቹ መኖር አለባቸው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦቹን ወንድማችሁን እርዱ አሏቸው። አንዱ 30 ችግኝ አመጣ፣ ሌላው 20፣ ሌላው 15፣ ሌላው 10፤ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ፣ 300 እስኪሞላ። ከዚያ ሰልማን ሄደው ጉድጓዱን እንዲቆፍሩ፣ ሲጨርሱም እንዲጠሯቸው አዘዟቸው። ሰሓቦቹ በቁፋሮው አገዟቸው። ሲያልቅ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው መጡ፤ ችግኙን እያቀረቡላቸው በተከበረ እጃቸው አንድ በአንድ ተከሉት። ሰልማን በአላህ ምለው ይናገራሉ፤ ከእነዚያ ችግኞች አንድም አልሞተም።

ይህ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተአምርና በረከት ነው፤ እኔና አንተ እንደዚያ አይሆንልንም። ሥርዓቱ ግን ትምህርት ነው። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፈረ። ችግኙ ሲመጣ ማረፊያው ዝግጁ ነበር። አንዱ ብቻውን 300 አልተሸከመም። ማንም አልተጣደፈም። ቁጥሩ ደግሞ የአንድ ሰው ነፃነት ስለሆነ እያንዳንዱ ዛፍ ተቆጥሮ ይታወቅ ነበር። እኛ ግን የተከልነውን አንቆጥርም። የዛችም እህት ወንድም ሲጠየቅ መልስ ያጣው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። አሁን ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ወጥቷል። ሐምሌ ላይ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ገና ጠልቆ አልገባም። በወሎ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ፣ እሱም ከመጣ፣ ብዙ ደረቅ ወራት ከፊቱ አሉ። ክረምት ላይ ተክላችሁ ከተማ የገባችሁ ሁሉ ዛሬ ከጁምዐ ሶላት በኋላ ቤት ደውሉ። «እንዴት ነው ችግኙ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ደህና ነው አልሐምዱሊላህ» ተብላችሁ ትዘጋላችሁ። «ስንት ቀረ? ቁጠሩልኝ» በሉ።

ከዚያ አጥር ነው። ፍየል የነካው ችግኝ አይድንም ማለት ይቻላል፤ ጫፉን ቀጥፎት ይሄዳል፣ ሲያቆጠቁጥ ደግሞ ይመለሳል። ሽቦ መግዛት አያስፈልግም፤ የግራር እሾህ በየችግኙ ዙሪያ ይበቃል። ቀጥሎ በዙሪያው አንድ እርምጃ ያህል ሣሩን አርሙ፤ ሣሩ ውኃውን ቀድሞ ይጠጣዋልና። ውኃ የሚይዝ ትንሽ ገበቴ መሰል ዙሪያ ሥሩ፣ በላዩ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ጎዝጉዙበት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ። ምስጥ ያለበት መሬት ከሆነ ጉዝጓዙ ሳስ ይበል፤ የቤታችሁን የምድጃ አመድም በዙሪያው በተን አድርጉ፤ አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ውኃ ስታጠጡ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ በሳምንት ሁለቴ አምስት አምስት ሊትር ያህል ወደ ማታ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውኃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ውኃ ሩቅ ከሆነ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ ብሱና በአፉ ደፍታችሁ ከሥሩ አጠገብ ቅበሩት፤ ጠብ ጠብ እያለ ይቆያል። የዉዱእ ውኃችሁንም አትርሱ። አያቴ ማንም ሳያስተምራቸው 3 ዛፍ ያቆሙት በእሷ ነው።

ለመጪው ክረምት ለምትተክሉ ደግሞ ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍሩ። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ አስቀምጡና ስትተክሉ ከፍግ ጋር ከሥር መልሱት። መሬቱ በደንብ ሲርስ ሐምሌ መግቢያ ላይ ትከሉ፤ እንደ እኔ ነሐሴን አትጠብቁ። ፕላስቲኩን ቅደዱ! ይህን በኹጥባ ቢነገር እንኳ አይበዛበትም። ቁጥሩን ደግሞ በምታጠጡት ልክ ወስኑት፤ 5 ተክሎ 5 ማቆየት የቻለ ሰው 50 ተክሎ ከረሳው ይበልጣል። ምን ልትከል ለሚል ጥያቄ የአካባቢያችሁን የልማት ሠራተኛ ጠይቁ፤ ማንጎ ደጋ ላይ አይሆንም፣ አፕል ቆላ ላይ አይሆንም። ቆላው አካባቢ ያላችሁ ግን ቁርቁራን አትናቁት። ሲድር የሚባለው እሱ ነው፤ ሐዲስ ላይ ጀናዛ በቅጠሉ እንዲታጠብ የታዘዘበት። ድርቅ ይችላል፣ ፍሬውን ልጅም ወፍም ይበላዋል፣ ንብም ይወደዋል። አቡ ዳዉድ መንገደኛና እንስሳ የሚጠለልበትን የሲድር ዛፍ በበረሃ ላይ ያለ ሐቅ የሚቆርጥን የሚያስጠነቅቅ ሐዲስ ዘግበዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይወደውን ላንሳ። የተከልክበት መሬት የማን ነው?

አቡ ዳዉድ ከዑርዋ የዘገቡት ታሪክ አለ። አንድ ሰው በሌላው መሬት ላይ የቴምር ዛፎች ተክሎ ተካሰሱ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መሬቱን ለባለመሬቱ ፈረዱ፤ ተካዩንም ዛፎቹን እንዲያወጣ አዘዙት። ያየው ሰው ሲናገር፣ ዛፎቹ ረጃጅምና የደረሱ ነበሩ፣ ሥራቸው በመጥረቢያ ሲመታ አይቻለሁ ይላል። ዛፍ መትከልን ሰደቃ ብለው ያስተማሩት ነብይ የደረሰ ቴምር እንዲነቀል አዘዙ። ምክንያቱም በዙልም ላይ የቆመ ሥር ሐቅ የለውም።

በእኛ አገር ይህ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዱ የአባት መሬት ነው። «የአባቴ መሬት ነው» ትላለህ፤ አባትህ ከሞቱ ግን መሬቱ ላይ እናትህም፣ እህቶችህም፣ ወንድሞችህም ሐቅ አላቸው። በተለይ እህቶች። ዛሬ ዝም ብለው ያዩሃል፤ ዛፉ አድጎ መሸጥ ሲጀምር ነው ጠቡ የሚነሣው። ስለዚህ ሳትተክል ሰብስባቸው፣ ዛፉ የማን እንደሚሆን ተነጋገሩ፣ ምስክር ባለበት ጻፉት። ለሟች አባታችሁ ሰደቃ ይሁን ብላችሁ ከተስማማችሁ ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነው! ሁሉም በዱዓና በውኃ ይካፈላል።

ሌላው ወሰን ላይ የሚተከል ባህር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባ ዛፍ ነው፤ ስንቱን ቤት አቁሟል፣ ስንቱን ልጅ አስተምሯል፣ አልክድም። እኔም ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመጀመሪያው ፍራሽና ብርድ ልብስ የተገዛው በባህር ዛፍ ሽያጭ ነው። ነገር ግን ሥሩ ደብተርህ ላይ የተጻፈውን ወሰን አያነብም። ተሻግሮ የጎረቤትን ጤፍ ያቀጭጫል፤ ምንጭ አጠገብ ከሆነ ውኃውን ይሻማል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጉዳትንም መጎዳዳትንም ከልክለዋል። በራስህ መሬት ላይ ቢሆንም ጎረቤትህ በየዓመቱ ከማሳው ጫፍ ላይ እህል የሚያጣበት ከሆነ «የእኔ መሬት ነው» የሚለው መልስ አላህ ፊት መብቃቱን እጠራጠራለሁ። ከወሰኑ ራቅ አድርጎ መትከል ምን ይጎዳል? የምንጩን ዳር ለአገር በቀል ዛፍ ትቶ ባህር ዛፉን ወደ ተራራው ማውጣት ይቻላል።

የሪያዷ እህቴ፣ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ስለ አባትሽ አትጨነቂ። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) እናታቸው እሳቸው በሌሉበት ሞተው ነበር። ሰደቃ ባደርግላቸው ይጠቅማቸዋል ወይ ብለው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። አዎ ተባሉ። ያን ጊዜ የነበራቸውን ሚኽራፍ የተባለ የአትክልት ቦታ ለእናታቸው ሰደቃ አደረጉት፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። እንዳንቺው ነው፤ ወላጁ ሲሞት ሩቅ የነበረ ልጅ፣ ለወላጁ የአትክልት ቦታ። ያወጣሽው ብር በኒያሽ ልክ አላህ ዘንድ የተጻፈ ነው ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ የመልካም ሠሪን ዋጋ አያጠፋም። የደረቀው በአንቺ ቸልተኝነት አይደለም፤ አንቺ ባሕር ማዶ ነሽ። ጃሪያ የሚሆነው፣ ማለትም እየፈሰሰ የሚቀጥለው ግን በሕይወት ከቀረው ላይ ነው። ስለዚህ አሁን ሐሳብሽን በቀረው ላይ አድርጊ።

ስህተቱ የት ላይ ነበር? ለችግኝ፣ ለቁፋሮ፣ ለተከላ ብር ላክሽ፤ ለጥር ግን ማንም ሰው አልተመደበም። ሸሪዓችን ለዚህ ሙሳቃ የሚባል ውል አለው። ቃሉ ራሱ ከማጠጣት የመጣ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኸይበርን ቴምርና መሬት ለነዋሪዎቹ ሰጥተው፣ እነሱ በጉልበታቸው እየሠሩ ከምርቱ ግማሹን እንዲወስዱ ተስማምተዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ ዑመር ዘግበውታል። አንቺም ከጎረቤት አንድ ትጉህ ልጅ ፈልጊ። አጥሩን ይጠብቃል፣ ያጠጣል፣ ያርማል፤ ዛፉ ሲያፈራ ከፍሬው የታወቀ ድርሻ፣ ሩብ ይሁን ሲሶ፣ የእሱ ይሆናል። ፍሬ እስኪመጣ ብዙ ዓመት ስለሆነ በዚህ መሃል ለድካሙ በየወሩ በውል የታወቀ ጥቂት ክፍያ ብትጨምሪለት ይሻላል። ውሉን ለመጻፍ የሰፈራችሁን ሸኽ አማክሩ፤ መዝሀቦች በዝርዝሩ ላይ ይለያያሉ። ልጁንም ሥራው ኢባዳ መሆኑን ንገሪው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታዝዞ የሌላውን ሰደቃ ሳያጎድል፣ ልቡ ወድዶ የሚያደርስ ታማኝ ገንዘብ ያዥ እሱም ከሰደቃ ሰጪዎቹ አንዱ ነው ብለዋል። ጀሪካን ተሸካሚውም ተስፋው እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ከህፉ ሰውዬ። የእሱ አትክልት ቦታ ችግር አልነበረበትም። ወይኑ መሃል ላይ፣ ዙሪያውን ቴምር፣ በመካከሉ አዝመራ፣ በውስጡ ደግሞ ወንዝ ይፈሳል። ችግኙ አልደረቀበትም፣ ፍየል አልገባበትም። እኔና አንቺ በቸልተኝነት ያጣነውን እሱ አሟልቶ ይዞት ነበር። የወደቀው በሌላ በኩል ነው። ገባና አየው፤ ይህ መቼም ይጠፋል ብዬ አላስብም አለ። ጓደኛው ስትገባ ማሻአላህ፣ ላ ቁወተ ኢላ ቢላህ አትልም ነበር ወይ ብሎ መከረው። በመጨረሻ ያወጣበትን ወጪ እያሰበ መዳፎቹን ሲያገላብጥ እናገኘዋለን። ሱረቱል ዋቂዓ ላይም አላህ የምትዘሩትን የምታበቅሉት እናንተ ናችሁ ወይስ እኛ ብሎ ይጠይቀናል። አጥራችሁ ፀንቶ፣ ውኃችሁ ደርሶ ዛፉ ሲያብብ ያን ጊዜ ይህን አስታውሱ። ሱረቱል ቀለም ውስጥ ያሉትን የአትክልት ባለቤቶችም አስታውሱ፤ ድሃ እንዳይገባብን ብለው ገና በማለዳ ሊለቅሙ በሹክሹክታ ወጥተው ቦታቸውን ጠቁሮ አገኙት። እሾሁ ለፍየል ነው። የጎረቤት ልጅ ማንጎ ሲያወርድ ካያችሁት ድንጋይ አታንሱበት።

ትናንት ማታ እህታችን መልሳ ላከችልኝ። ወንድሟ ሄዶ ቆጥሯል፤ ከ50ው 14 በሕይወት አሉ። 9 ማንጎ፣ 2 አቮካዶ፣ 3 ዋንዛ። ለ14 ችግኝ በሳምንት ሁለቴ አምስት ሊትር ማለት 140 ሊትር፣ በ20 ሊትሩ ጀሪካን ሰባት ነው። ከጎረቤት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ አህያ አለው፤ ከእናቱ ጋር ተነጋግረው ተስማምተዋል። ሰኞና ጁምዐ ያጠጣል። የመጀመሪያው ዙር ዛሬ ከዐስር በኋላ ነው።

በዛሬው ቀን ሰለዋት አብዙ። ለአባቷም ዱዓ አድርጉላቸው። ጁምዐ ሙባረክ።